አጥንት ስንቆጥር የዘነጋናቸው እናቶች
(በሬዲዮ ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በመልካም በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! በሀገራችን በብዙ ቤቶች ልጅ አፉን ሲፈታ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የአያቶቹን ስም መቁጠር ነው። ሰባት ቤት መቁጠር እንላለን። ሶማሌ ወንድሞቻችን አብቲርሲ ይሉታል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን ለመቀጠል የሚያስችለንን ያህል ነሰባችንን እንድናውቅ መክረውናል። ልብ በሉ! ምክንያቱ አብሮ ተነግሯል። ነሰብ የሚታወቀው ዝምድና እንዲቀጠል ነው፤ ሰው እንዲናቅበት አይደለም።

ዛሬ በአላህ ፈቃድ የምንነጋገረው ስለ አዲስ ዓይነት አጥንት ቆጠራ ነው። ሳይንቲስቶች ከሺህ ዓመታት በፊት ከሞቱ ሰዎች አጥንት ውስጥ ዲኤንኤ እያወጡ የሰው ልጅ ከየት ወደየት እንደተጓዘ፣ የማን እናት ከማን እናት እንደምትገናኝ ማንበብ ችለዋል። ይህ እውቀት ምን ይነግረናል? እኛስ በቤታችን፣ በተለይም ለትዳር ስንጠያየቅ፣ ምን ልናደርግበት ይገባል?

ሰባት ቤት ስንቆጥር ማንን ነው የምንቆጥረው?

እስቲ ወረቀትና እስክሪብቶ ያላችሁ አብራችሁኝ አስሉ። አንድ ሰው 2 ወላጆች አሉት። አያቶቹ 4 ናቸው። የአያቶቹ ወላጆች 8፣ ከዚያ 16፣ 32፣ 64 እያለ በሰባተኛው ትውልድ 128 ይደርሳል። ሁሉም ሲደመሩ 254 ይሆናሉ። ዘመዳሞች ተጋብተው ከሆነ አንዱ ሰው በሁለት መንገድ ሊቆጠር ስለሚችል ቁጥሩ ትንሽ ይቀንሳል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

አሁን ሰባት ቤት የቆጠረው ልጅ ከእነዚህ ውስጥ ስንቱን ጠራ? 7ቱን ብቻ ነው። 247ቱ አልተጠሩም። ከ254ቱ ደግሞ ግማሾቹ፣ ማለትም 127ቱ፣ ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷም ስሟ አልተነሣም። እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ "የእኔ ዘር እንዲህ ነው" ሲል ከ254 ሰዎች ስለ 7ቱ ብቻ እየነገረን መሆኑን እናስታውስ።

ከእናት ብቻ የሚወረስ መዝገብ

ሰውነታችን ሕዋስ ከሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ከእናትም ከአባትም የወረስነው፣ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት ያሉት የውርስ ጽሑፍ ተቀምጧል። ዲኤንኤ የምንለው ይህንን ነው። ከአስኳሉ ውጭ ደግሞ ለሕዋሱ ጉልበት የሚያመነጩ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። እነዚህም የራሳቸው አጭር ጽሑፍ አላቸው፤ ርዝመቱ 16,569 ፊደላት ያህል ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የሚወረሰው ከእናት ነው። እናት ለወንድ ልጇም ለሴት ልጇም ትሰጣለች፤ ለቀጣዩ ትውልድ የምታስተላልፈው ግን ሴቷ ናት። እያንዳንዳችን፣ ጢም ያወጣውም ሽማግሌ ጭምር፣ የእናቱን የእናት እናት መዝገብ በሰውነቱ ይዞ ይዞራል።

ታዲያ በዚህ ዝምድና የሚታወቀው እንዴት ነው? የቀድሞ ዑለማዎቻችን ኪታብ በእጅ እየጻፉ ያባዙ እንደነበር ታውቃላችሁ። አንድ ጸሐፊ አንድ ፊደል ቢስት ከእርሱ ቅጂ የሚገለብጡ ሁሉ ያንኑ ፊደል ይዘው ይሄዳሉ። ከመቶ ዓመት በኋላ አሥር ቅጂዎችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው፣ ያንን የተሳተ ፊደል ተከትሎ የትኛው ከየትኛው እንደተገለበጠ ሊደርስበት ይችላል። ዲኤንኤም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይለወጣል። ለውጡ በልጅ ልጆች ይቀጥላል። ተመራማሪዎቹ የሚከተሉት ያንን ነው። የሐዲስ ምሁራን ከሐዲሱ በፊት ኢስናዱን፣ ማን ከማን እንደሰማ፣ እንደሚመረምሩት ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1987 ርብቃ ካን፣ ማርክ ስቶንኪንግና አለን ዊልሰን የተባሉ ሦስት ሳይንቲስቶች ከተለያዩ ክፍለ ዓለማት የመጡ 147 ሰዎችን የእናት መዝገብ አነጻጽረው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። የሁሉም ሐረግ ወደ አንዲት ሴት ይመለሳል፤ እርሷም ከ200 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በአፍሪካ ምድር ኖራለች አሉ። ጋዜጦች ወዲያው "ሔዋን ተገኘች" ብለው ጻፉ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይህ ስም የተሰጠው ለመጥሪያ ያህል ነው። ሳይንሱ የሚለው በዘመኗ ሌላ ሴት አልነበረችም ማለት አይደለም። ወንድ ብቻ የወለደች ወይም ያልወለደች እናት የእናት ሐረጓ በዚያው ይቆማል። በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ሌሎቹ ሐረጎች እንዲህ እየቆሙ የአንዲቱ ብቻ እስከ ዛሬ ደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ ስለ አደም (ዐ.ሰ) እና ስለ ሐዋ ያለን እምነት በዚህ ጥናት የሚጸድቅም የሚፈርስም አይደለም። እምነታችን በወሕይ ላይ የቆመ ነው። ጥናቱ የሚነግረን ስለ ዝምድናችን ነው፤ ያንን ደግሞ ልንሰማው ይገባል።

የሞታ ዋሻ ሰው

በሕይወት ያለ ሰው ምራቁን ወይም ደሙን ይሰጣል። የሞተውስ? ዲኤንኤ ሰው ሲሞት መሰባበር ይጀምራል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ለዚህ ነው ይህ ጥናት በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ሀገሮች የደረጀው። ስቫንተ ፓቦ የተባለው ስዊድናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒያንደርታል ከሚባሉት የጥንት ሰዎች አጥንት የእናት መዝገብ ቁራጭ ለማንበብ በቃ፤ በ2010 ጠቅላላ ጽሑፋቸውን ከባልደረቦቹ ጋር አሳተመ፤ በ2022 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በእኛ በኦሞ ሸለቆ በ1967 የተገኙት አጥንቶች ግን በ2022 የወጣ ጥናት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ዕድሜ ቢሰጣቸውም፣ ዲኤንኤ አልተነበበባቸውም። ሙቀቱና ዘመኑ በልቶታል።

አላህ ሲሻ ግን መንገድ ይከፈታል። በደቡብ ኢትዮጵያ በጋሞ ደጋ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎቹ ካትሪን አርተርና ጆን አርተር ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ሲሠሩ ወደ ዋሻው የመሯቸው ሽማግሌዎቹ ነበሩ። በ2012 ሲቆፈር የአንድ ሰው አጽም ተገኘ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ያህል ነው። ስሙንም በጋሞኛ ባይራ አሉት፤ በኩር ማለት ነው። የደጋው ቅዝቃዜ አጥንቱን ጠብቆት ነበርና በጆሮ ዙሪያ ካለው እጅግ ጠጣር የራስ ቅል አጥንት ዲኤንኤው ወጣ። በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ምድር ጠቅላላ ጽሑፉ የተነበበለት የመጀመሪያው ጥንታዊ ሰው ሆነ።

የባይራ የእናት ሐረግ ምን ነበር? ተመራማሪዎች የእናት ሐረጎችን በፊደልና በቁጥር ይጠሯቸዋል፤ የእርሱ ኤል 3 ከሚባለው ታላቅ ቅርንጫፍ ነው። አሁን አድምጡኝ! ከ50 ሺህ እስከ 70 ሺህ ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ከአፍሪካ ወጥተው ዓለምን የሞሉት ሰዎች የእናት ሐረጎች ኤም እና ኤን ይባላሉ። ሁለቱም የበቀሉት ከዚሁ ከኤል 3 ነው። ይህ ማለት በጋሞ ዋሻ የተቀበረው ሰው፣ የሕንዱ፣ የቻይናው፣ የአውሮፓውና የዐረቡ ጥንታዊ የእናት ሐረግ አንዲት አፍሪካዊት እናት ዘንድ ይገናኛል።

ጉዞውም የአንድ አቅጣጫ አልነበረም። በሞሮኮ ታፎራልት በሚባል ዋሻ ከተቀበሩና 15 ሺህ ዓመት ገደማ ካስቆጠሩ ሰዎች በአንዱ ላይ ኤም 1 የሚባል የእናት ሐረግ መገኘቱ በ2018 ታትሟል። ኤም 1 ዛሬ በኢትዮጵያውያን ዘንድም በብዛት የሚገኝ ነው። ከአፍሪካ የወጣው የእናት ሐረግ ቅርንጫፍ አውጥቶ ወደ አፍሪካ ተመለሰ ማለት ነው። እንዲሁም በ2012 በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች ከነባሮቹ ጋር መቀላቀላቸውን አመልክቷል። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተጓዙበት ባሕር ከእነርሱ በፊትም በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ሰው ሲመላለስበት የኖረ ነው። "ንጹሕ ዘር" የሚባለው ነገር እንግዲህ የት ይገኛል?

ስሕተትን ማረም

በዚሁ በሞታ ጥናት ውስጥ ሌላም ትምህርት አለ። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያው ጽሑፋቸው፣ ከማዶ የመጣው ቅልቅል ምሥራቅ አፍሪካን አልፎ እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ተሰራጭቷል ብለው ነበር። ዜናው በዓለም ተነዛ። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን ሲመረምሩ ሁለት የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች እንዳልተጣጣሙና በስሌቱ ላይ ስሕተት እንደተፈጠረ ደረሱበት። የጥናቱ ባለቤቶችም በ2016 መጀመሪያ ስሕተቱን በይፋ አረሙ። የምሥራቅ አፍሪካው ቅልቅል እውነት ሆኖ ቆየ፤ ለመላው አፍሪካ የተባለው ግን ተነሣ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት አዞናል። የሚገርመው፣ ከወንድና ከሴት መፈጠራችንን፣ ሕዝብና ጎሣ የሆንነው እንድንተዋወቅ መሆኑን፣ አላህ ዘንድ የከበረውም ይበልጥ የሚፈራው መሆኑን የሚነግረን አንቀጽ በዚሁ ሱራ ውስጥ ነው። ማጣራትና ዘርን አለመናቅ ጎን ለጎን መጡ። ስለ ሰው ዘር ከሚወራው ውስጥ ስንቱ ተጣርቷል?

"አጥንቱ ይመርመርልን" ላሉን

ይህንን ጉዳይ እንዳነሣ ያደረገኝ ለዝግጅታችን የደረሰ ደብዳቤ ነው። የጻፉልን አንዲት እናት ናቸው። ልጃቸው ሰላቷን የምትጠብቅ፣ በጠባይዋ የተመሰገነች ልጅ ሊያገባ ፈለገ። የልጁ አጎቶች ግን "የልጅቷ አያት ቀጥቃጭ ነበር፤ አጥንቷ ንጹሕ አይደለም" ብለው ሽማግሌ አንልክም አሉ። እናትየው "አሁን አጥንት የሚመረምር ሳይንስ መጥቷል ይባላል። ልጅቷ ብትመረመር ነጻ ትወጣ ይሆን?" ሲሉ ይጠይቃሉ።

እናቴ፣ አላህ ቀልብዎን ያሳርፍልዎ። ልጅቷ የምትመረመርበት ምክንያት የለም። በ3 ቢሊዮኑ ፊደላት ውስጥ "ጨዋ" ወይም "ባለ እጅ" ብሎ የሚጽፍ አንድም ፊደል የለም።

ሳይንሱ በእርግጥ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶታል። በደቡብ ኦሞ በጂንካ አካባቢ የሚኖሩት የአሪ ሰዎች ውስጥ ቀጥቃጮችና አራሾች ለረጅም ዘመን ሳይጋቡ ኖረዋል። አንዳንድ ምሁራን ቀጥቃጮቹ ሌላ ዘር፣ አራሾች ከመምጣታቸው በፊት የነበሩ ሕዝቦች ቅሪት ናቸው ይሉ ነበር። በ2015 የታተመ የዘር ጥናት ግን ሁለቱ የአንድ ሕዝብ ልጆች መሆናቸውን፣ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ መሆኑን አሳየ። ቀጥቃጮቹ የተለዩ የመሰሉት የውጭ ሰው ሆነው ሳይሆን ተገልለው በመካከላቸው ብቻ ስለተጋቡ ነው። ነገሩን አስተውሉት። መጀመሪያ ዘር ተለይቶ አይደለም ንቀት የመጣው። ንቀቱ ቀደመ፤ ልዩነቱን የፈጠረው እርሱ ነው። ደግሞም የሞታው ሰው ከተነጻጸሩት የዛሬ ሕዝቦች መካከል ይበልጥ የቀረበው ለእነዚሁ ለአሪዎች ነበር።

ከዲናችን በኩል እንየው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ሰበእ ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረትን እንዳለሰለሰላቸውና ጥሩር እንዲሠሩ እንዳዘዛቸው ይነግረናል። ለእስልምና ሲሉ ብዙ ስቃይ የተቀበሉት ኸባብ ኢብኑል አረት (ረ.ዐ) ሰይፍ ሠሪ ነበሩ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም የጠባው አቡ ሰይፍ በሚባል ቀጥቃጭ ቤት ነው፤ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጭስ ወደሞላበት ወደዚያ ቤት እየሄዱ ልጃቸውን ያቅፉ ነበር። የአላህ መልእክተኛ ልጃቸውን ለወተት ያመኑትን ቤት እኛ ለቡና እንኳ የምንጸየፈው በየትኛው ሸሪዓ ነው?

የፊቅህ ኪታቦች ስለ ከፋኣ፣ ማለትም በጋብቻ ስለ አቻነት፣ ሲናገሩ ሙያን ጠቅሰዋል የሚሉ ይኖራሉ። እውነት ነው፣ የጠቀሱ አሉ፤ የኢማሙ ማሊክ መዝሀብ ደግሞ ዋናውን ነገር ዲን አድርጎታል። ነገር ግን የጠቀሱትም ሙያን ከየሀገሩ ልማድ ጋር አያይዘው ነው እንጂ ደም ያረክሳል ያለ የለም። ከፋኣ የሚጠየቀውም በወንዱ በኩል፣ ለሴቷና ለወልይዋ መብት ሲባል ነው። የወንዱ ዘመዶች ሴቷን ለመጣል የሚያነሡት ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ አጎቶቹ የያዙት ነገር ፊቅህ ሳይሆን የጃሂሊያ ልማድ ነው።

በሶሒሕ ሐዲስ የመጣ አንድ ታሪክ ልጨምር። ኡሳማ (ረ.ዐ) የዘይድ ኢብን ሓሪሳ ልጅ ናቸው። እናታቸው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ናት። አባትየው ቀላ ያሉ፣ ልጅየው ጥቁር ስለነበሩ ሰዎች በነሰባቸው ላይ ያሙ ነበር። አንድ ቀን አባትና ልጅ ፊታቸውን ሸፍነው እግራቸው ብቻ እየታየ ተኝተው ሳለ፣ አካልን ዓይቶ ዝምድናን በማወቅ የታወቀው ሙጀዚዝ አለፈና እነዚህ እግሮች አንዱ ከአንዱ የተገኙ መሆናቸውን ተናገረ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፊታቸው በደስታ እየበራ ወደ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ገቡ። ዘርን የማንበብ እውቀት በዚያ ቀን የዋለው ሐሜትን ለመዝጋት ነው። እኛ ዘንድ ሐሜት ለመክፈት እንዳይውል እንጠንቀቅ። ኡሳማም በኋላ ታላላቅ ሶሐቦች ያሉበትን ጦር እንዲመሩ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ተሾመዋል።

የሰዋሒል እናቶች

የእናት ሐረግ ለሙስሊሞች ታሪክ ምን እንደሚያበረክት የሚያሳይ አንድ ምሳሌ ከጎረቤቶቻችን እነሆ። በኬንያና በታንዛኒያ የባሕር ጠረፍ ያሉት የሰዋሒል ሙስሊሞች አባቶቻችን ከፋርስ ከሺራዝ መጡ ይሉ ነበር። የኪልዋ የታሪክ መዝገብም እንዲሁ ይላል። ቅኝ ገዥዎች ይህንን ይዘው የድንጋይ መስጊዶቹንና ከተሞቹን የሠሩት የውጭ ሰዎች ናቸው አሉ። ሌሎች ደግሞ የሺራዙን ነገር ተረት ነው ብለው ጣሉት።

በ2023 በኪልዋ፣ በማንዳ፣ በምትዋፓና በሌሎች ቦታዎች ከ1250 እስከ 1800 ባለው ዘመን የተቀበሩ 80 ሰዎች ዲኤንኤ ጥናት ታተመ። ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ኬንያዊው ቻፑሩካ ኩሲምባ ናቸው። በብዙዎቹ ላይ በአባት በኩል የእስያ፣ በአብዛኛውም የፋርስ ሐረግ ተገኘ፤ ቅልቅሉም የተጀመረው በ1000 ዓመተ ልደት ገደማ ነው። በእናት በኩል ግን ሐረጉ ከሞላ ጎደል አፍሪካዊ ነው። እንግዲህ ሽማግሌዎቹ አልዋሹም፤ ግን የተረኩት ግማሹን ነበር። ነጋዴው በመርከብ መጣ፤ ቤት የጠበቀው፣ ልጅ ያሳደገው ግን የሀገሩ እናት ናት። ልጆቹ የተናገሩትም የእርሷን ቋንቋ ነው። ሰዋሒልኛ ከዐረብኛና ከፋርስኛ ብዙ ቃል ቢወስድም እስከ ዛሬ አጥንቱ አፍሪካዊ ነው። በመዝገብ ስሟ ያልተጻፈ እናት በቋንቋውና በአጥንቱ ጽፋ አለፈች።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ዛሬ በውጭ ሀገር ያሉ ልጆቻችን በምራቅ የሚሠራ የዘር ምርመራ ገዝተው "ይህን ያህል በመቶ እንዲህ ነኝ" ሲሉ እንሰማለን። መጠኑ የሚሰላው ኩባንያው ካከማቻቸው የዛሬ ሰዎች ጋር በማነጻጸር ነው፤ የተከማቸው ሲጨምር ቁጥሩም ሊለወጥ ይችላል። የእናት ሐረግ ምርመራም ቢሆን በአሥረኛው ትውልድ ላይ ካሉት 1,024 ወላጆች ስለ አንዲቱ ብቻ ነው የሚናገረው። ደግሞም ቤተሰብ የሸሸገውን ምስጢር ሊያወጣ ይችላል። በዲናችን የሰውን ነውር መሸፈን ታላቅ ነገር ነውና ከመጀመራችን በፊት እናስብበት።

ከዚህ በላይ ግን በቤታችን የሚደረጉ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ልጆቻችን የአባት ስም ሲቆጥሩ የእናታቸውን እናት፣ የእርሷንም እናት ስም ያስከትሉ። የምታውቅ አያት በሕይወት እያለች ይጠየቅ፤ በደብተርም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ሰውን በእናቱ መስደብ ከቤታችን ይውጣ። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውሩ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለባቸው ነግረው ገሥጸዋቸዋል። አቡ ዘርን የመሰለ ሰው ከተገሠጸ እኛስ? ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን ትዳር ስንጠያየቅ ስለ ሰላቷ፣ ስለ ጠባዩ፣ ስለ አማናው እንጠይቅ። ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ እየተባሉ ተገልለው የኖሩ ወገኖቻችን በመስጊድ አጠገባችን ይሰግዳሉ። ትከሻችን ከትከሻቸው የሚነካካው በሰፍ ላይ ብቻ ሆኖ በሠርግና በማዕድ ላይ የሚለያይ ከሆነ ሰላታችን ምን አስተማረን?

የደብዳቤው አጎቶችም ያዳምጡን ይሆናል። እናንተ ወንድሞቼ፣ ያቺን ልጅ የናቃችኋት ከ254 አያቶቿ በአንዱ ምክንያት ነው። የእናንተንስ 247 ማን ያውቃቸዋል? ሽማግሌ ላኩ፤ ኒካሑን አግዙ። አጅሩ ከአላህ ዘንድ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ስማቸውን ለምናውቃቸውም ለማናውቃቸውም እናቶቻችን ይማር። ቀልባችንን ከኩራት ያጽዳ። ልጆቻችንን በዲንና በመልካም ጠባይ ያጣምር። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።